አንገታችን ላይ ያለችው እጢና ራስን የማጥፋት ስጋት፦ ምን ያገናኛቸዋል?

ድብርት የያዘው ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ሲጀምር ብዙዎቻችን ምክንያቱን የምንፈልገው ኑሮው ውስጥ ነው። ሥራ አጥቶ ነው፣ ፍቅረኛው ተለይታው ነው፣ ዕዳ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው እንላለን። ልክ ልንሆን እንችላለን። ተመራማሪዎች ግን ሌላ ቦታም ሲፈትሹ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፦ አንገት። ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች። የዚህች እጢ ሥራ ሲዛባ፣ በተለይ ቀድሞውኑ በአእምሮ ሕመም የሚታከም ሰው ላይ፣ ራስን የማጥፋት ስጋት ይጨምራል ወይ? የዛሬው ጉዳያችን ይሄ ነው።

መልሱ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚያልቅ አይደለም። ቢሆንም ውስጡ ሰው ሊያድን የሚችል ነገር አለና አብራችሁን ቆዩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። ይህን የምታነቡት እናንተ ራሳችሁ እንዲህ ያለ ሐሳብ እየመጣባችሁ ከሆነ የሆርሞኑ ጉዳይ ይቆይ። አሁኑኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። አሜሪካ ያላችሁ 988፣ እስራኤል 1201፣ እንግሊዝ 116 123 ደውሉ። ጓደኛችሁ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን ጭንቅላቱ ውስጥ አይከትበትም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይቀለዋል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ይህን ገጽ ከምትከታተሉት አብዛኞቻችሁ እዚህ ዕድሜ ውስጥ ናችሁ።

አሁን ወደ እጢዋ እንመለስ። ታይሮይድ በዋናነት ሁለት ሆርሞን ታመርታለች፤ ቲ4 እና ቲ3 ይባላሉ። ቁጥሩ እያንዳንዱ የያዘው የአዮዲን ብዛት ነው። አዎ፣ ያው የጨው ፌስታል ላይ የሚጻፈው አዮዲን። የሰውነታችንን ፍጥነት የሚወስኑት እነዚህ ናቸው፤ ልብ በምን ያህል ይምታ፣ የበላነው በምን ያህል ይቃጠል፣ አንጎል በምን ያህል ይፍጠን።

እጢዋን የምታዛት ደግሞ አንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ ናት። የምታዘው ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን እየላከች ነው። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ሲያይ «ታይሮይዴ በዝቷል» ይላል። ተቃራኒው ነው! የታክሲ ረዳት አስቡ። ታክሲው ባዶ ሲሆን «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል፤ ሲሞላለት ዝም ይላል። ቲኤስኤች የረዳቱ ጩኸት ነው። ጩኸቱ ከበዛ ታክሲው ባዶ ነው፤ ማለትም ሆርሞኑ አንሷል። ጭራሽ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ታክሲው ትርፍ ጭኗል፤ ሆርሞኑ በዝቷል። በአብዛኛው ጤነኛ የሚባለው የቲኤስኤች መጠን ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው፤ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ትንሽ ይለያያል።

ሆርሞኑ ሲያንስ ምን ይሆናል? ድካም፣ ሌላው ሰው ሳይበርደው መብረድ፣ ሳይበሉ መወፈር፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መሳሳት፣ የወር አበባ መዛባት፣ መርሳት፣ ሐዘን፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት። ይህን ዝርዝር አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩት። ግማሹ የድብርት ዝርዝር ነው። ሆርሞኑ ሲበዛ ደግሞ ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውየው ይከሳል፣ በትንሽ ነገር ይነጫነጫል። ይሄኛውን ያየ «ጭንቀት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ባይፖላር ያለበት ሰው ላይ ከመጣ ደግሞ «ሕመሙ ተነሳበት» ሊባል ይችላል።

ሐኪሞች ይህን መመሳሰል ካወቁት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1888 የለንደን ክሊኒካል ማኅበር የታይሮይድ ሆርሞን ክፉኛ ያነሰባቸውን ከመቶ በላይ በሽተኞች መርምሮ ባወጣው ሪፖርት፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት የሌለ ነገር ማየት፣ መስማት ወይም ከእውነት የራቀ እምነት እንደነበራቸው ጽፏል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት ከቆዳ ሥር ወጋ። ሴትዮዋ ዳነች፤ ሕክምናውን እየወሰደችም ሌላ 28 ዓመት ኖረች። በ1949 ደግሞ ሪቻርድ አሸር የሚባል ሐኪም በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የ14 ሰዎችን ታሪክ አሳተመ። ሁሉም አእምሯቸው ታውኮ ነበር፣ ሁሉም የታይሮይድ ሆርሞን አንሷቸው ነበር። ሆርሞኑ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ተሻላቸው። ሰው «አብዷል» ተብሎ ሊዘጋበት ሲችል ችግሩ አንገቱ ላይ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ከባድ ሁኔታ ዛሬ ብዙም አይገጥምም። የዛሬው ጥያቄ ከዚያ ይረቅቃል። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩትና ያልሞከሩት በታይሮይድ ሆርሞን ይለያያሉ ወይ?

እዚህ ላይ ብዙ የተጠቀሰ አንድ ጥናት አለ። ቻይና፣ ሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ ታይዩዋን ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በከባድ ድብርት ተይዘው የመጡና ገና ምንም መድኃኒት ያልጀመሩ 1,718 ሰዎች ተመረመሩ። ከነዚህ ውስጥ 346ቱ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ነበር። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የሞከሩት ካልሞከሩት ጋር ሲነጻጸሩ ቲኤስኤቻቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ሰውነት የገዛ ራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃባቸው ፀረ እንግዳ አካላትም ደማቸው ውስጥ በብዛት ተገኝተዋል። መድኃኒት ያልጀመሩ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ «መድኃኒቱ ነው ያዛባው» ማለት አይቻልም።

ጥሩ። ታዲያ አለቀ? አላለቀም። የተለያዩ ጥናቶችን ደምሮ ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡት ወይም የሞከሩት ላይ ዝቅ ብሎ ያገኘው ቲ3ን እና ቲ4ን ነው፤ በቲኤስኤች ግን ልዩነት አላየም። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ጥናቶች የያዙት መንገድም ሌላ ነበር። ፒቱታሪን የሚቀሰቅስ ሆርሞን በመርፌ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ቲኤስኤች ምን ያህል እንደሚወጣ ያያሉ። ድብርት ካለባቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ላይ ረዳቱ ቢቀሰቅሱትም አይጮኽም፤ ምላሹ ደካማ ነው። አንዳንዶቹ ጥናቶች ይህን ከከባድ የራስን ማጥፋት ሙከራ ጋር አገናኝተውታል፣ ሌሎቹ አላገኙትም።

ስለዚህ አንድ ሰው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ «ራስን ማጥፋት የታይሮይድ ችግር ነው» ቢላችሁ እለፉት። ሳይንሱ እንዲህ አላለም። «ምንም አይገናኝም» የሚለውንም እንደዚያው። የተባለው ይሄ ነው፦ ግንኙነት ይታያል፣ ከጥናት ጥናት ይለያያል፣ ከፊት ያለው የቱ እንደሆነ አልተለየም።

የቱ ከፊት እንደሆነ ለማወቅ ለምን ከበደ? መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያስኬድ ስለሆነ ነው። አንደኛው አቅጣጫ ከታይሮይድ ወደ አንጎል ነው። አንጎል ቲ4ን ተቀብሎ እዚያው ወደ ቲ3 ይቀይረዋል፤ ቲ3 ደግሞ ሴሮቶኒን በሚባለው ኬሚካል ሥራ ውስጥ እጁ አለበት። ሴሮቶኒን ከስሜትና ራስን ከመቆጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። ከስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥናት ድብርት ካለባቸው ሰዎች መካከል የሴሮቶኒን ዝቃጭ በአከርካሪ ፈሳሻቸው ውስጥ ያነሰባቸው ላይ የራስን ማጥፋት ሙከራ ጎልቶ እንደታየ አሳይቷል። ሁለተኛው አቅጣጫ ተቃራኒው ነው። ከባድ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው የጭንቀት ሆርሞኑ፣ ኮርቲሶል፣ ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ ቲኤስኤችን ያፍናል። ምግብ ያስጠላው ሰው ሰውነቱ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ቲ3ን ይቀንሳል። ሁለት ሳምንት በቅጡ ያልበላ ሰው ላይ ቲ3 አንሶ ቢገኝ ድብርቱን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ ነገርም አለ፤ መድኃኒቱ። ይሄኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ባይፖላር ያለበት ቤተሰብ ያላችሁ ሁሉ ማወቅ ያለባችሁ ነው።

ሊቲየም ለባይፖላር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ውስጥ ራስን የማጥፋት ስጋትን በመቀነስ ለረጅም ዓመታት ተጠንቶ ስም ያተረፈ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ ታይሮይድ ሆርሞን እንዳትለቅ ይይዛታል፤ ሴቶች ላይ ይብሳል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰውየው ይደብተዋል፤ ስሜቱም በዓመት ብዙ ጊዜ የሚገለባበጥበት የባይፖላር ዓይነት ከታይሮይድ ማነስ ጋር አብሮ ሲታይ ቆይቷል። የሚያድነው መድኃኒት በጓሮ በር ሌላ ችግር ሊያስገባ ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይሄ ነው!

መፍትሔው ግን ሊቲየሙን መጣል አይደለም። ይህን አስምሩበት። ሊቲየምን በድንገት ማቆም ራሱ ራስን የማጥፋት ስጋትን ከፍ የሚያደርግ ነገር ነው። የሚደረገው ሌላ ነው፤ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ሊቲየም የሚወስድ ሰው በየ6 ወሩ ታይሮይዱ እንዲታይ ያዛል፤ ካነሰ የጎደለው ሆርሞን በእንክብል ይጨመራል፣ ሊቲየሙም ይቀጥላል። እኛ አገር ሊቲየም እንደልብ አይገኝም፤ ብዙ ሰው የሚሰጠው ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮዬት ነው። እነሱም የታይሮይድ ምርመራ ውጤትን ሊያንቀሳቅሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱን የሚያነብላችሁ ሐኪም የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ማወቅ አለበት።

ስለ አገራችን ካነሳን እንቅርትን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። እንቅርት የሚባለው ያው የታይሮይድ እብጠት ነው፤ እኛ ዘንድ ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። ከሦስት ሴት አንዷ! ያኔ በቂ አዮዲን ያለው ጨው የሚበላው ከመቶ ቤት አራቱ ብቻ ነበር። ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በፊት ጨዋችን ከቀይ ባሕር ዳርቻ አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ ነበር፤ ጦርነቱ ያንን ሲዘጋው ፊታችንን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ አዞርን፤ እዚያ ግን ጨዉ አዮዲን ሳይገባበት ነበር ወደ ገበያ የሚወጣው። በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ ቤቶች ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው ተገኘ። ትልቅ ለውጥ ነው። (ቤት ውስጥ ግን ክዳን በሌለው ዕቃ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ አዮዲኑ ይበናል። ክደኑት፤ ወጡ ውስጥም ወደ መጨረሻ ጨምሩት።)

እዚህ ጋ እንዳንሳሳት። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ሆርሞኑ አይዛባም፤ የአእምሮ ሕመምም ይይዘዋል ማለት አይደለም። ሆርሞኑ የተዛባበት ሰው ሁሉም አንገቱ አያብጥም። አንገት አይቶ መፍረድ አይቻልም። የደም ምርመራ ነው የሚያሳየው።

ታዲያ ማን ይመርመር? የታይሮይድ ችግር ሴቶች ላይ ከወንዶች ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይበዛል። ስለዚህ በድብርት የምትታከም ሴት፣ በተለይ የወር አበባዋ የተዛባባት ወይም እናቷ ወይም እህቷ የታይሮይድ ችግር ያለባቸው፣ ከፊት ትሰለፋለች። ሁለት ዓይነት መድኃኒት በአግባቡ ወስዶ ያልተሻለውም እንዲሁ። የወለደች ሴት ደግሞ ለብቻዋ ትነሳ። ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ሴቶች አምስት ያህሉ ላይ ታይሮይድ ይቆጣል፤ መጀመሪያ ሆርሞኑ ይበዛና ያስጨንቃታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል፤ ከዚያ ወርዶ ያደክማታል፣ ያስለቅሳታል። ዘመድ አዝማዱ «አራስ ስለሆነች ነው» ይላል። ልጅ የታቀፈች እናት «ልጄ ያለኔ ይሻለዋል» ማለት ከጀመረች ግን የድካም ወሬ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። የታይሮይድ ምርመራውም አብሮ ይጠየቅ።

ሐኪሙን መጠየቅ ደግሞ ድፍረት አይደለም። «ዶክተር፣ ቲኤስኤቼ ታይቶ ያውቃል?» በቃ፣ ይህችው ናት። ምርመራው ትንሽ ደም ነው። በትልልቅ ሆስፒታሎችና በግል ላቦራቶሪዎች ይሠራል። በጸበል እየታከማችሁ ከሆነም ደም መስጠት ከእምነታችሁ ጋር አይጣላም፤ መድኃኒት ያላችሁ ግን አታቋርጡ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ባዮቲን ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በየኢንስታግራሙ የሚሸጠው እንክብል አብዛኛውን ጊዜ ባዮቲን አለበት፤ ከፍ ባለ መጠን ከተወሰደ ብዙ የላቦራቶሪ ማሽኖችን ያታልላል። ጤነኛውን ሰው ሆርሞኑ የበዛበት ያስመስለዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከ2017 ጀምሮ ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። የምትወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ንገሯቸው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ በጣም በርትቶበት ሆስፒታል በተኛ ሰው ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውጤት ሊዋዥቅ ይችላል። ለጊዜው ቲ4 ከፍ ይልና በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱ ይስተካከላል። ስለዚህ ሐኪሙ «እንድገመው» ቢል ገንዘብ ፈልጎ ነው አትበሉ።

ውጤቱ በግልጽ ዝቅ ያለ ሆርሞን ካሳየ ሕክምናው ሌቮታይሮክሲን የሚባል እንክብል ነው፤ ሰው ሠራሽ ቲ4። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ቡናም መጠበቅ አለበት፤ አብሮ ከተጠጣ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ጠዋት ዓይናችሁን የምትገልጡት በቡና ከሆነ ይከብዳል፣ ይገባናል። የብረትና የካልሲየም እንክብል ደግሞ በ4 ሰዓት ይራቅ። መጠኑ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ በድጋሚ ምርመራ ይስተካከላል። ስሜት የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ስጋት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ እነዚያን ሳምንታት ብቻውን አይተው።

ልዩነቱ ጥቂት ከሆነስ? ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ብሎ ቲ4 ጤነኛ የሆነበት ሁኔታ ብዙ ሰው ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና 21 ሙከራዎችን፣ 2,192 ሰዎችን ያካተተ ትንተና እንዲህ ያሉት ሰዎች ሆርሞን ቢሰጣቸውም በኑሮ ጥራትም በድብርት ምልክትም ለውጥ አላገኘም። በ2021 ጃማ ሳይካያትሪ ላይ የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ የታይሮይድ ማነስ ያለባቸው ሰዎች የድብርት ዕድላቸው በ30 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል፣ ግንኙነቱ ጎልቶ የሚታየው ማነሱ ግልጽ በሆነባቸው ላይ፣ በተለይም ሴቶች ላይ፣ እንደሆነ አሳይቷል። ቀላሉ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ በ5 ነጥብ ምናምን ቲኤስኤች ላይ ሁሉንም ነገር አትለጥፉ።

አንዳንድ የአእምሮ ሐኪሞች ታይሮይዳቸው ጤነኛ ለሆኑ ሰዎች እንኳ የድብርት መድኃኒቱ እንዲሠራ ቲ3 ይጨምራሉ። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት ብዙ መድኃኒት ሞክረው ካልተሻላቸው ሰዎች ቲ3 ሲጨመርላቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ድኗል። ይህ የሐኪም ውሳኔ ነው። «ለክብደት መቀነሻ» ተብሎ የሚሸጥ የታይሮይድ ሆርሞን አለና ነው የምንለው። ሳያስፈልግ የገባ ሆርሞን የልብ ምት ያዛባል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስጨንቃል፤ ድብርት ላለበት ሰው የመጨረሻው የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ውጤቱ ጤነኛ ሆኖ ቢመጣ ደግሞ «እንግዲህ ምንም የለብህም» ማለት አይደለም። ታይሮይዱ ደህና ነው ማለት ብቻ ነው። ድብርቱ እዚያው አለ፣ ስጋቱም እዚያው አለ፣ ሕክምናውም ይቀጥላል። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ሐኪም ስትቀይሩ፣ መድኃኒት ስትጀምሩ ወይም ስትወልዱ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።